እትየ ጠጄ እህል ያኮረፈችበት ዓመት

ልጅ እያለሁ ሰው ሲበላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እናቴ «ዓይንሽን ከሰው አፍ ላይ አንሺ» እያለች ስንት ጊዜ ቆንጥጣኛለች። ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ከአጥራችን ማዶ የአባቴ ታላቅ እህት እትየ ጠጄ ትኖር ነበር። እሷ ስትበላ አለማየት ለማንም ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ ወጡን ታየዋለች። ቀጥላ ታሸተዋለች፤ እኛ ልጆቹ ብናደርገው በጥፊ የምንመታበትን ነገር እሷ በግልጽ ታደርገዋለች። ከዚያ እንጀራዋን በትንሹ ቆርሳ፣ አጥቅሳ፣ ጠቅለል አድርጋ ትጎርስና ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። አንዳንዴ ወጡን እንደ ሰው ታናግረዋለች። «አንተ ደግሞ ዛሬ አምሮብሃል» ትለዋለች። አባቴ «እትየን ስትበላ ያየ በሽተኛ እንኳ ይርበዋል» ይል ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ከደጃችን ቆመን ስናይ ከሩቅ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከነዛፎቹ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስለን ነበር። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ይገባል፤ ያኔ የቅቤ ወራት ነው። እትየ ጠጄ ቅቤ ስታነጥር ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣል፤ ኮረሪማው ከበሶብላው፣ በሶብላው ከጥቁር አዝሙዱ ተለይቶ ይታወቃል። ሽምብራው ሲያፈራ ደግሞ ከነሥሩ ነቅለን በገለባ እሳት እንለበልበዋለን። እሷም ከእኛ ከልጆቹ ጋር አመዱ ዙሪያ ቁጢጥ ብላ፣ እጇም ከንፈሯም ጠቁሮ፣ እሸቱን እየፈለፈለች ትሻማናለች። የሜዳው ልጅ የሆናችሁ እኩዮቼ፣ የዚያ እሸት ጣዕም ዛሬም ከምላሳችሁ የጠፋ አይመስለኝም።

በልታ ስትጠግብ ወሬ ትወዳለች፤ ወሬዋም ያው የምግብ ነው። በእናቷ ጊዜ ሴት ልጅ ከወንዶች የተረፈውን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላ እንደነበር ትነግረን ነበር። እሷ ሙሽራ ሆና በገባችበት ቤት አማቷ ማዕድ ሲቀርቡ ዓይን እንዳያርፍባቸው ጋቢ ተይዞ ይጋረድላቸው ነበር። «ምግቡ ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው?» ትላለች እየሳቀች። ሩዝ መጀመሪያ ወደ ሜዳችን ሲመጣ ሰው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር አሉ። ግማሹ ለዶሮ በተነው፤ ግማሹ እንደ ንፍሮ ቀቅሎ «ጣዕም የለውም» ብሎ ተወው። እትየ ጠጄ ግን አስፈጭታ ከጤፍ ጋር ደባለቀችው። ገንፎም አገነፋችው፤ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። ጎረቤቱ ሊያይ እየመጣ በልቶ ሄደ።

ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ወጡን የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ሕግም ነበራት። ዳሱ ውስጥ ያሉት ወንዶች ከመቅረባቸው በፊት፣ ከጧት ጀምሮ ጭስ ሲያቃጥላቸው የዋሉትን ሴቶች ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከትኩሱ አውጥታ ታበላለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ወንዶቹ ያጉረመርማሉ፤ ግን ወጡ የእሷ ስለሆነ ይጠብቃሉ።

ባሏ ቀድሞ ሞቶ ነበርና ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ አስማረ ይባላል። መልኩ የአባቱ፣ አበላሉ የእሷ ነበር። ሁለቱ መሶብ ከበው ሲቀመጡ ሳቃቸው እኛ ቤት ይሰማል። አስማረ ጎልምሶ ሞፈር ከያዘ በኋላ እንኳ ከእርሻ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እማ፣ ምን ሸተተኝ?» ብሎ ነው።

ውሃው ሸሽቶ የወባ ትንኝ በበዛበት ጥቅምት አስማረ ታመመ። ወረታ ተወስዶ ታከመ፤ ተሽሎት ተመለሰ ሲባል እንደገና ግለቱ ተነሣበት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ለቅሶው ላይ ሜዳው ሁሉ ተሰበሰበ። እንደ ወጉ ጎረቤት ሁሉ ምግብ እየያዘ መጣ፤ ሽማግሌዎችም እትየ ጠጄን ከበው «በይ እንጂ፣ ለነፍስሽ ያህል» እያሉ አጎረሷት። እምቢ አላለችም። ጉርሻውን በጉንጯ ይዛ ቆይታ፣ ሰው ዞር ሲል በነጠላዋ ጫፍ ተፍታ አወጣችው። የሰው አፍ ማየት ልማዴ ነውና እኔ አየኋት። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ያን ዕለት አልቆነጠጠችኝም፤ አቅፋኝ አለቀሰች።

ተዝካሩ ወጣ፤ ሐዘንተኛው ተበተነ፤ እትየ ጠጄ ግን ወደ ምግብ አልተመለሰችም። በቀን አንድ ጊዜ ደረቅ ቂጣ ትቆርሳለች፣ ወይ ቆሎ በውሃ ትበላለች፤ በቃ። ሥጋም፣ ወጥም፣ ቅቤም፣ ወተትም ቀረ። ላሞቿን ግን ታልባለች፤ ወተቱን ትገፋለች፤ ቅቤውን ጠፍጥፋ ለእኛና ለጎረቤት ታድላለች። ጣቷ ላይ የቀረውን እንኳ አትልስም፤ በቅጠል ጠርጋ ትጥለዋለች። «ለምን?» ስትባል «አፌ ዘጋኝ» ብቻ ነው መልሷ። የነፍስ አባቷ መምሬ ወርቁ መጥተው «ልጄ፣ ጾምም ልክ አለው» ቢሏት፣ ጉልበታቸውን ስማ «እሺ አባ» አለቻቸው፤ በማግሥቱም ቆሎዋን ቆረጠመች።

ከአጥሩ ማዶ ምንም ሽታ መምጣት ቀረ። ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ከሐዘኑ ይልቅ ያ ነበር የሚከብደኝ። ድግስ ሲኖር እሷን የሚጠራ የለም፤ ቢጠሯትም አትሄድም። ጓዳ ያሉት ሴቶችም እንደ ጥንቱ ወንዶቹ እስኪጠግቡ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ከመደብ ስትነሣ ግድግዳ ትደገፋለች። አባቴ ጥምቀት ሲያልፍ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስዳት ቆረጠ። ለእሷ «ለጉልበትሽ ነው» አላት። ለእናቴ ግን «ጉልበቷ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ይች ሴት እየቀለለች ነው። አንድ ቀን ነፋስ ይወስድብኛል» ሲላት ሰማሁ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ገና ታጠባ ስለነበር መሄድ አልቻለችም። እኔ ግን አብሬ ተላክሁ፤ እትየ ጠጄ ከእኔ ጋር መተኛት ትወድ ነበር።

በቅሎ ተለምኖ እሷ ተቀመጠችበት። አህያችን ላይ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨውና በቅርጫት የታሰሩ ዶሮዎች ተጫኑ። እትየ ጠጄ የራሷን የቆሎ ከረጢት ለብቻዋ ይዛለች። ሳይነጋ ተነሥተን፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን፣ ወደ ደራ አቅጣጫ ስንጓዝ ዋልን። እኔ ሲደክመኝ ከኋላዋ እፈናጠጣለሁ። ጀርባዋን ሳቅፍ የጎድን አጥንቷ በቀሚሷ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጫጫ ሆና ነበር።

ወንዛዬ ስንደርስ ከሩቅ የታየኝ እንፋሎቱ ነው። በዙሪያው ታማሚና አስታማሚ ያረፈባቸው የሣር ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ በየጎጆው ደጅ እሳት ይነድዳል። ሰው ተራውን ጠብቆ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቀልቶና ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ ረሃብ ይመጣል። እንደዚያ ያለ ረሃብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ፍል ውሃ የነካው ሰውነት የሚበላው ነገር ሁሉ ይጣፍጠዋል። ከአንዱ ጎጆ ቋንጣ ሲጠበስ፣ ከሌላው የገብስ ቅንጬ በቅቤ ሲታሽ፣ ከወዲያ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ሽታው ተደባልቆ አፍን በምራቅ ይሞላል። የሚተዋወቅ ሰው የለም፤ ግን የሚበላ ሁሉ አላፊውን «ኑ፣ እንብላ» ይላል። ሁሉም ይጠራል፣ ሁሉም ይቀርባል። እትየ ጠጄ ብቻ ቆሎዋን ይዛ ጎጆው ውስጥ ትቀራለች።

የእኛን ምግብ የሚሠራው አባቴ ነበር። እሷ «ሳልቀምስ እንዴት እሠራለሁ?» አለችው፤ እኔ ደግሞ ገና አልደረስኩም። አባቴ በዕድሜው ማማሰያ ይዞ አያውቅም። ሽሮውን ከፈላው ውሃ ላይ በእፍኙ ይበትናል፤ ሽሮው ድቡልቡል ይሆናል፤ እሱም በእንጨት እየወጋ ሊያፈርጠው ይታገላል። አንድ ቀን ጨው ይረሳል፣ በማግሥቱ የረሳውን ጨምሮ ያስገባል። ረሃቡ ስላለ እንበላዋለን። ባለ ጎጆዎቹ ሴቶች ከጀርባው ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን ማማሰያውን እንደ ሞፈር ጨብጦ ሥራውን ይቀጥላል።

ከጎናችን ያለው ጎጆ ውስጥ ከአንበሳሜ በላይ ካለ ደጋ አገር የመጣች ይታይሽ የምትባል ልጅ እግር እናት ከልጇ ጋር አርፋ ነበር። ልጁ ሙሉቀን ይባላል፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገላውን ቁስል ወርሶት ለእሱ ነው የመጡት። ውሃው ቁስሉን እያደረቀለት ነበር። እህል ግን አልወስድ አለ። እናቱ ቂጣ ስትሰጠው ፊቱን ያዞራል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ጧት ጧት ከአካባቢው ሴቶች በቅል ወተት ይዘው ለበሽተኛው ሊለውጡ ይመጣሉ፤ ቅሉን ባየ ቁጥር «ወተት! ወተት!» ይላል። እሷም አትሰጠውም። ከማዶ ጎጆ ያሉ፣ በየዓመቱ ወንዛዬ የሚመጡና የውሃውን ሥርዓት ያውቃሉ የተባሉ አንድ ሽማግሌ «ፍል ውሃ የገባ ሰው ወተት ከጠጣ ውሃውና ወተቱ ሆዱ ውስጥ ይጣላሉ፤ ልጁ ይሞትብሻል» ብለዋታል። ልጁ ድምፁ እስኪሰልል ያለቅሳል፤ እናቱም አብራው ታለቅሳለች።

አንድ ጧት ከውሃው ወጥተን አባቴ ሽሮውን ሲታገል፣ እትየ ጠጄ ቆሎዋን እየቆረጠመች የልጁን ልቅሶ ትሰማ ነበር። ድንገት ቆሎውን ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው። ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና እያነከሰች ወደ ይታይሽ ጎጆ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ምን ሆኖ ነው ይኸ ልጅ?» አለች።

«ወተት አሰኝቶት ነው እትየ» አለች ይታይሽ። «እኔ መቸ ጠልቼ። እንዳትሰጪው ተብዬ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ። እኒያ አባትም…» ብላ በአገጯ ወደ ሽማግሌው አሳየች። «ይሞትብሻል አሉኝ። ከሱ ሌላ ልጅ የለኝም።»

እትየ ጠጄ ቀስ ብላ ለመቀመጥ ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ዘፍ አለች።

«እኔም ከሱ ሌላ ልጅ አልነበረኝም» አለች። ከዚያ ለአባቴም፣ ለመምሬ ወርቁም፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገር ከማታውቃት ሴት ፊት አወጣችው። «ወባ ይዞት ተኝቶ ‹እማ፣ ትንሽ ወተት› አለኝ። ላሟን ገና ማለቤ ነው፤ ትኩሱ ወተት ማለቢያው ውስጥ አለ። ቤቱን የሞላው ሰው ‹ወባ የያዘው ሰው ወተት ከጠጣ አይነሣም› አለኝ። ፈራሁ። ‹ሲሻልህ ልጄ፣ ሲሻልህ› አልኩት። ዝም አለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ሞተ።»

አባቴ ማማሰያውን እንደያዘ ከእሳቱ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ወተቱ አያድነውም ነበር» አለች እትየ ጠጄ። «እሱን አውቃለሁ። የገደለው ወባው ነው። ግን ጠጥቶ በሄደ። አሰኝቶት ሄደብኝ ልጄ። ከዚያ ወዲያ በየትኛው አፌ ልብላ?»

ልጁ እንኳ ልቅሶውን አቁሞ ያያት ጀመር። ሽማግሌው ከጎጇቸው ደጅ ይሰሙ ነበር። «እኔ እንግዲህ ከአባቶቼ እንደሰማሁት ነው…» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተውት።

«እኔስ ብሰጠውና አንድ ነገር ቢሆንብኝ?» አለች ይታይሽ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ያዝኑልኝ ይሆናል እንጂ፣ ምን ያደርጉልኛል እትየ?»

እትየ ጠጄ እጇን ዘርግታ የልጁን ጸጉር ዳበሰች። ያኔ ደፍራ «ምንም አይሆንም» ብትላት ኖሮ ይታይሽ የምታምናት አይመስለኝም። «እውነትሽን ነው፤ እኔም አላውቅም» አለች። «ግን እኔም ዛሬ ጧት ውሃ ገብቻለሁ። መጀመሪያ እኔ እጠጣዋለሁ። ከፊትሽ እቀመጣለሁ፤ እስከ ማታ እይኝ። ደህና ከሆንኩ ትሰጭዋለሽ።»

«ተይ እንጂ እትየ!» አለ አባቴ። እሱም ነገሩን ያምንበት ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «ጤና የለሽ፣ አቅም የለሽ…»

«ዝም በል ምህረቴ» አለችው። «ሩዝ ስፈርልኝና ወተቷን ለውጥልኝ።»

የዚያ አገር ሰው ሩዝ ይወዳል፤ ባለ ወተቷ ሴት አንድ ሣህን ሩዝ ተቀብላ ቅሏን ገለበጠች። እትየ ጠጄ የአባቴን ሽሮ ከእሳቱ አወረደችና ወተቱን ጣደች። ሲፈላ አረፋው ሊገነፍል ሲል አነሣችው፤ በጣሳ ቀዳች፤ እፍ እያለች አበረደችው። ከዚያ ይዛው ቆየች። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። ጣሳውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። የመጀመሪያውን ጉንጭ አፏ ውስጥ ብዙ ያዘችው፤ ለቅሶው ላይ እንዳደረገችው ልትተፋው ነው ብዬ ፈራሁ። ዋጠችው። እንባዋ ያለ ድምፅ እየወረደ፣ ሳታቋርጥ እስከ ታች ጠጣችው። በአይበሉባዋ ከንፈሯን ጠረገች። ጣሳውን ደፍታ አስቀመጠችና እግሯን ዘርግታ ከይታይሽ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ያን ቀን ወንዛዬ ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው አልነበረም። ወሬው ጎጆ ለጎጆ ዞሮ፣ ሴቶቹ እሳት የሚለምኑ እየመሰሉ፣ ወንዶቹ ከአባቴ ጋር ወሬ ያላቸው እየመሰሉ ሁሉም መጥቶ ያያታል። ሽማግሌውም መጥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ክፉ ሊመኙላት የመጡ መስሎኝ ጠምጄ አየኋቸው፤ ጠጋ ስል ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዳዊት እየደገሙላት ነበር። አንዴ ቀና ብለው «ሆድሽን እንዴት ነው?» አሏት። «ደህና ነው አባቴ» አለቻቸው። እርሳቸውም ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ጥላው ዞረ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እትየ ጠጄ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ይታይሽ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አለች።

«አመመዎት? አመመዎት እትየ?»

«አይ» አለች። የገረማት ትመስል ነበር። «ራበኝ።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ አንዷ ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሽማግሌው መስቀላቸውን ሳሙ። አባቴ ተጣድፎ የጧቱን ሽሮ አሙቆ፣ በእንጀራ አድርጎ፣ በሁለት እጁ አቀረበላት። ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁላችንም አፍ አፏን እያየን ጠበቅን።

«ምህረቴ» አለች፣ «ይኸን ነው ለልጅቱ ስታበላት የሰነበትከው?»

ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው አባቴ ነበር። ሲስቅ ሲስቅ ፊቱን ወደ ጎጆው አዙሮ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እሷ ግን እያማች ጨረሰችው።

ማታ ጀምበር ስትገባ ይታይሽ ለሙሉቀን ወተቱን ሰጠችው። ጣሳውን እትየ ጠጄ ያዘችላት። ልጁ የማንንም ጭንቀት ከቁም ነገር ሳይቆጥር ጠጥቶ፣ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም አብቅሎ እናቱ ጭን ላይ ተኛ። ጧት ስንነሣ ከጎጇቸው ደጅ ቆሞ የባለ ወተቷን መንገድ ሲያይ አገኘነው።

ወደ አገራችን ልንመለስ ስንል እትየ ጠጄ ዶሮዎቹን አሳረደች። ከየጎጆው አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ እንቁላል አዋጣ። ማማሰያውን ከአባቴ እጅ ተቀበለችው፤ እሱም በደስታ አስረከባት። ቀመሰች፣ ጨመረች፣ እንደገና ቀመሰች። ሲደርስ ይታይሽንና ሽንኩርት ስትልጥ የነበረችውን ሴት ሁሉ ቀድማ አስቀመጠቻቸው። ወንዶቹ እጃቸውን ታጥበው ቆመው ጠበቁ፤ ሽማግሌውም አብረው ቆመው ጠበቁ። ተራው ሲደርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሳቸው ያዘች። ትልቅ ጉርሻ ነው፤ ፈረሰኛውን ጨምራበታለች። እጇን አይተው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ ገና አላምጠው ሳይጨርሱ።

ሜዳችን ስንመለስ ያስጨነቃት አንድ ነገር ነበር፤ አስማረ ሲቀበር ወተትና ቅቤ ላትቀምስ ለራሷ ምላ ነበርና መምሬ ወርቁ ዘንድ ሄዳ ተናዘዘች። የመለሱላትን እሷው ራሷ ደጋግማ ስለምትናገረው እኛም በቃላችን ያዝነው። «ያ ስለት አልነበረም ልጄ፤ ከእግዜር ጋር መኳረፍ ነው። እመቤታችንም ልጇን ቀብራለች፤ ኩርፊያሽን ታውቀዋለች» አሏት። ትንሽ ቆየት ብለውም «እንዲያው ለእኔስ እርጎ የለሽም?» አሏት።

ከአጥሩ ማዶ ያ ሽታ ተመለሰ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብል ግን እውነት አይሆንም። መሶብ ከበው የሚስቁት ሁለቱ ነበሩና አንዷ ብቻዋን ያን ሳቅ ልታመጣው አልቻለችም። ጥቅምት በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ልጆች ጠርታ ሩዝ በወተት አገንፍታ ታበላን ነበር። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን የሚያነሣ ግን የለም። እኛ ስንበላ እሷም ከእኛው ጋር ትበላለች። ሜዳው ላይ ልጅ በወባ ተኛ ሲባል ደግሞ ወተት በማለቢያ ይዛ፣ የምትቀዳበትን ጣሳ በሌላ እጇ ይዛ ትሄዳለች። ያመኗት እናቶች ነበሩ፤ ከደጅ የመለሷትም ነበሩ። የመለሷትን አልተቀየመችም።

እሷ ካረፈች ቆይታለች። እኔ ወረታ ከተማ ገብቼ ልጆች ወልጃለሁ። ሜዳው በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በክረምት ሩዝ ነው። በየመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ተከፍቷል፤ ሴቱም ወንዱም እኩል ተቀምጦ፣ አስተናጋጅ ጠርቶ፣ ያማረውን አዝዞ ይበላል። ሲበሉ ጋቢ ይጋረድላቸው የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ምግቡን ከመጉረሳቸው በፊት በስልካቸው ያነሡታል። እትየ ጠጄ ብታየው ደስ የሚላት ይመስለኛል። ወተት ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚመጣው፤ የማን ላም እንደሆነች አናውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ትንሹ ልጄ ወባ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ደሙ ታየ፣ መድኃኒቱ ተሰጠው። ያየችው ባለሙያ ልጅ እግር ናት፤ ፈጣን፣ ሥራ የበዛባት። «ያሰኘውን ይብላ፤ ፈሳሽ አብዢለት» አለችኝ።

«ወተትስ?» አልኳት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዘመኔ ሳውቀው። ግን ከሰው አፍ መስማት ፈለግሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ወተት ምን ያደርገዋል? ይጠጣ እንጂ» ብላ ቀጣዩን ተራ ጠራች።

አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም። በዚሁ ሜዳ፣ በዚሁ ወር፣ ቤት ሙሉ ሰው ባለበት ያን አንድ ቃል የሚል የጠፋበት ቀን እንደነበር አታውቅም። ባታውቅም ደስ ይለኛል። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ በትኩሳት የቀላ ዓይኑን ገልጦ «እማ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አለኝ።

«አትሞትም» አልኩት ፊቴን እየጠረግሁ። «ምን አሰኘህ? ወተት ላፍላልህ?»

ትንሽ አሰበና «ፓስታ» አለኝ።

ጀርባዬ ላይ አዝዬው ወጣሁ፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ሱቅ ፓስታ ገዝተን ወደ ቤታችን ገባን።